ጽሑፉና ክርክሩ አብረው ሲታተሙ

በማርች 1878 የብሪታንያ የብረትና ስቲል ኢንስቲትዩት ለንደን ላይ ተሰበሰበ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዕለቱ ጥናት አቅራቢ ሎውቲያን ቤል ነበር። ቤል የምድጃዎች ባለቤትም የኬሚስትሪ አዋቂም ሲሆን፣ ኢንስቲትዩቱ የቤሰመርን ሜዳሊያ መስጠት ሲጀምር የመጀመሪያውን የተሸለመው እሱ ነው። ያን ቀን ያቀረበው ፎስፈረስን ከጥሬ ብረት ስለ መለየት ነበር። ለውይይት መድረኩ ሲከፈት በአዳራሹ ውስጥ ብዙዎች የማያውቁት የ27 ዓመት ወጣት ተነሣ። ስቲል በሚሠራበት በቤሰመር ምድጃ ውስጥ ፎስፈረሱን ከሞላ ጎደል ጨርሶ ማስወገድ እንደ ቻለ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ተቀመጠ።

ወጣቱ ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ ይባላል። ቀን በምሥራቅ ለንደን የፖሊስ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ኬሚስትሪን የተማረው በማታ ትምህርት ነው። ሙከራዎቹን አብሮት የሚሠራው ዘመዱ ፐርሲ ጊልክሪስት ደግሞ በደቡብ ዌልስ በብሌናቮን የብረት ፋብሪካ ኬሚስት ነበር። በአዳራሹ የነበሩት የብረት ጌቶች ለንግግሩ ጆሮ አልሰጡትም። ጥያቄ ያቀረበለትም ሆነ የተቃወመው አልነበረም።

ሆኖም የኢንስቲትዩቱ ልማድ ጽሑፍ አቅራቢውን ብቻ ሳይሆን አስተያየት የሰጠውንም ሁሉ ማተም ነበርና የቶማስ ቃል በዚያው ዓመት ጆርናል ውስጥ ከቤል ጥናት ቀጥሎ ገባ። በዚያው ዓመት መኸር ኢንስቲትዩቱ ፓሪስ ላይ ሲሰበሰብ ቶማስ ሙሉ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ቀረበ፤ ጊዜ አልበቃ ተብሎ ሳይነበብ ቀረ። የጉዞው ትርፍ ግን ሌላ ነበር። የሚድልስብሮው ትልቅ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ኤድዋርድ ዊንዘር ሪቻርድስ እዚያው ፓሪስ ላይ አገኘውና ነገሩን ከልቡ ያዘው። በአፕሪል 1879 በሪቻርድስ ፋብሪካ ሙከራው በትልቅ ምድጃ ተሳካ። በሜይ ጽሑፉ ለንደን ላይ ተነበበ፤ ዐሥራ አራት ወር ሳይሞላ ያ አዳራሽ ችላ ያለውን ሰው ለመስማት ተጨናነቀ።

ጉዳዩ ለምን ይህን ያህል እንደ ከበደ ማስረዳት ያስፈልጋል። ፎስፈረስ ያለበት ስቲል ብርድ ላይ እንደ ሸክላ ይሰበራል። የቤሰመር ምድጃ ከውስጥ የሚለበጠው በሲሊካ ጡብ ስለ ነበር ፎስፈረሱን የሚይዝለት አልነበረም። ቶማስ ልባሱን በዶሎማይት ተክቶ በብረቱ ላይ ኖራ ጨመረበት። ኖራው ፎስፈረሱን ወደ ዝቃጩ ሳበው፤ ዝቃጩም ተፈጭቶ ለእርሻ ማዳበሪያ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ለስቲል አይሆንም ተብሎ የተተወው የሎሬን የብረት ማዕድን የጀርመንን የስቲል ኢንዱስትሪ በእግሩ ያቆመው በዚህ መንገድ ነው። ቶማስ ግን በ1885 በ34 ዓመቱ በሳንባ በሽታ ሞተ።

ስለ ብረታ ብረትና ስለ ማቴሪያል ሳይንስ ኅትመት ሲነሣ ይህን ታሪክ የማስቀድመው የዚህ ዘርፍ ጆርናሎች የተወለዱት በአዳራሽ ሙግት ውስጥ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ጥናቱ ይታተማል፤ ሥሩ ላይ የተቃወመው፣ የደገፈው፣ የጠየቀው ሁሉ በየስሙ ይታተማል፤ በመጨረሻ የጸሐፊው መልስ ይከተላል። ይህ ሥርዓት ባለፉት ሰባ ዓመታት ቀስ በቀስ ጠፍቷል። ሳይንሱ ከዚህ ጥፋት የተጠቀመ አይመስለኝም።

ከእነዚህ ጆርናሎች በፊት የነበረው ዘመን የዝምታ ዘመን ነው። የብረት እውቀት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ የቤት ምሥጢር ነበር። በ1540 ቬኒስ ላይ የታተመው የቫኖቺዮ ቢሪንጉቺዮ የእሳት ሥራዎች መጽሐፍና በ1556 ባዝል ላይ የወጣው የጆርጅ አግሪኮላ «ዴ ሬ ሜታሊካ» ያን በር ከፈቱ። ሁለቱም ደራሲያን መጽሐፋቸው ታትሞ ሳያዩ ነው የሞቱት። አግሪኮላ በመግቢያው ላይ በእንቆቅልሽ የሚጽፉትን አልኬሚስቶች አጥብቆ ይወቅሳል፤ የራሱን መጽሐፍ ግን አንባቢ ምድጃውንና መንኮራኩሩን አይቶ እንዲሠራ በእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ሞላው። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1912፣ መጽሐፉን ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት የማዕድን መሐንዲሱ ኸርበርት ሁቨርና ባለቤቱ ሉ ሄንሪ ሁቨር ናቸው። ሁቨር ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ።

መጽሐፍ ግን በሕይወት አንድ ጊዜ የሚጻፍ ነገር ነው። በየጊዜው የሚወጣ መጽሔት ያስፈለገው መንግሥታት ብረት ሲቸግራቸው ነው። አብዮታዊቷ ፈረንሳይ በጦርነት ተከብባ ሳለች በ1793 ሞንዥ፣ ቫንደርሞንድና ቤርቶሌ ለብረት ሠራተኞች ስቲል አሠራርን የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጁ፤ መንግሥትም በየሥፍራው አሠራጨው። በዓመቱ፣ በ1794፣ «ዡርናል ዴ ሚን» ተመሠረተ። ሩሲያ በ1825 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ «ጎርኒ ዡርናል»ን ጀመረች። በኡራል ተራሮች በዝላቶውስት ፋብሪካ የደማስቆን ሰይፍ ብረት ምሥጢር ሲፈልግ የኖረው ፓቬል አኖሶቭ ሥራውን በ1841 ያወጣው በዚህ መጽሔት ነው። እነዚህ መጽሔቶች ጠቃሚ ነበሩ፤ ነገር ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ድምፅ ነበሩና ባለ ሥልጣን ያጸደቀውን ይናገራሉ እንጂ የሚከራከራቸው በውስጣቸው አልነበረም።

ያለ ክርክር ማተም ምን እንደሚያስከትል ሄንሪ ቤሰመር በራሱ ላይ አይቶታል። በኦገስት 1856 ቼልትናም ላይ በብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ፣ በቀለጠ ጥሬ ብረት ውስጥ አየር በመንፋት ያለ ተጨማሪ ነዳጅ ስቲል መሥራት እንደሚቻል ገለጸ። ማኅበሩ ጽሑፉን በዓመታዊ መዝገቡ አላወጣውም። «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ግን ሙሉውን አተመው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቤሰመር በ27,000 ፓውንድ ፈቃድ ሸጠ። ፈቃዱን የገዙት ሞከሩት፤ የወጣላቸው የሚሰባበር ብረት ሆነ። ቤሰመር የሞከረው ፎስፈረስ በሌለበት የብሌናቮን ብረት ነበር፤ እነሱ ደግሞ በየአካባቢያቸው ያገኙትን ተጠቀሙ። ጋዜጣ ላይ ያ ጽሑፍ ሲወጣ ከሥሩ አንድ የምድጃ ሰው «የተጠቀምክበት ብረት የማን ነው?» ብሎ የጠየቀው ቢታተም ኖሮ ከዚያ ሁሉ ኪሳራ ጥቂቱ በቀረ ነበር።

የብረትና ስቲል ኢንስቲትዩት በ1869 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የዴቨንሻየሩ መስፍን ነበር፤ ቤሰመርም ተከትሎ ፕሬዚዳንት ሆኗል። አባላቱ የፋብሪካ ባለቤቶች፣ መሐንዲሶች፣ ኬሚስቶችና ፕሮፌሰሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በገበያ ተፎካካሪዎች መሆናቸው አይዘነጋ። አንዱ የሌላውን ምድጃ ለማየት የሚከለከልበት ዘመን ነበርና፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ሥራቸው በግልጽ መነጋገራቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጥናቱ ከጉባኤው በፊት ታትሞ ለአባላት ይበተናል። ስለዚህ ሰው የሚመጣው አንብቦ፣ አንዳንዴም በራሱ ምድጃ ሞክሮ ነው። ጸሐፊው ዋና ዋናውን ይናገራል፤ ከዚያ ሊቀመንበሩ መድረኩን ይከፍታል። ፈጣን ጸሐፊዎች እያንዳንዱን ንግግር ይመዘግባሉ። መምጣት ያልቻለ በደብዳቤ ይልካል፤ እሱም «መጻጻፍ» በሚል ክፍል ይገባል። ጥራዙ ሲወጣ ጥናቱ፣ ክርክሩ፣ ደብዳቤዎቹና የጸሐፊው የመጨረሻ መልስ በተከታታይ ይታተማሉ። ከኋላ ደግሞ በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በስዊድንና በአሜሪካ የታተሙ ጥናቶች አጫጭር መግለጫ ይከተላል። አንዳንድ ጊዜ ክርክሩ ከጥናቱ ይረዝማል። ዛሬ እነዚያን አሮጌ ጥራዞች የሚያገላብጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቁም ነገር ያለው በክርክሩ ውስጥ ነው፤ የፋብሪካ ሰው በጥናቱ የማይጽፈውን በንዴት ሲናገር ያወጣዋልና።

የሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ ታሪክም ይህን ያጠናክራል። ሶርቢ የሼፊልድ ሰው ነው፤ ከቤተሰቡ ባገኘው ሀብት እየኖረ ሙሉ ጊዜውን ለምርምር የሰጠ የሥነ ምድር አጥኚ ነበር። ድንጋይን እንደ ወረቀት አሳስቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ካስተማሩት አንዱ እሱ ነው። በ1863 ፊቱን ወደ ስቲል አዞረ። ስቲል ብርሃን ስለማያሳልፍ ፊቱን እንደ መስተዋት ወልውሎ፣ በቀጭን አሲድ ነካ አድርጎ፣ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ያኔ ብረት አንድ ወጥ ነገር ሳይሆን ከተለያዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ መሆኑ ታየው። በ1864 ባዝ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ፎቶግራፎቹን አሳየ። ከጉባኤው የቀረው የታተመ ነገር አጭር መግለጫ ብቻ ነበር። ሼፊልድ የዓለም የስቲል ከተማ ሆና ሳለ የከተማዋ ሰዎች ግድ አልሰጣቸውም። ሶርቢ ራሱ በኋላ እንዳስታወሰው፣ በዚያ ዘመን የባቡር ሐዲድ ተሰብሮ አደጋ ሲደርስ ስብርባሪውን በማይክሮስኮፕ እንየው የሚል ሰው ቢነሣ ለእብድ ቤት የሚታሰብ ነበር።

ሙሉ ጥናቱ ከነፎቶግራፎቹ በኢንስቲትዩቱ ጆርናል የወጣው በ1887 ነው፤ ከ1864 ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ። በመካከሉ በ1878 አዶልፍ ማርተንስ በጀርመን መሐንዲሶች መጽሔት በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ሥራ አወጣ። ፈረንሳዊው ፍሎሪስ ኦስሞን በስቲል ውስጥ ላሉት ክፍሎች ስም ሲያወጣ ሁለቱንም አከበራቸው፤ ማርተንሳይትና ሶርባይት የሚባሉት ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። ሶርቢ ዘግይቶም ቢሆን የሚያነብለት፣ የሚጠይቀው፣ የሚጨምርለት ሕዝብ ያገኘው ኢንስቲትዩቱ ስለ ነበረ ነው። የማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ በብረታ ብረት ጥናት ውስጥ ከጽሑፉ እኩል ማስረጃ የሆነውም ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው።

የ1890ዎቹ ክርክር ደግሞ በጣም የጋለ ነበር። ስቲል ቀይ ሆኖ በድንገት ውኃ ውስጥ ሲነከር ለምን ይጠነክራል? ኦስሞንና የብሪታንያው የገንዘብ ማተሚያ ሊቅ ሮበርትስ ኦስተን፣ ብረት በከፍተኛ ሙቀት የሚይዘው ቤታ የሚባል ጠንካራ መልክ አለ፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ያ መልክ ተይዞ ይቀራል አሉ። የሼፊልዱ ፕሮፌሰር አርኖልድ፣ ጥንካሬው የካርቦን ሥራ ነው እንጂ ቤታ የሚባለው ምኞት ነው አለ። ለዓመታት በየጉባኤው ተፋጩ፤ ቃላቸው ሁሉ ታትሟል። በ1921 ስዊድናዊው አርነ ዌስትግረን በኤክስሬይ ሲያየው ቤታ የተባለው ብረት የአተሞቹ አደራደር ከተራው ብረት ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ጥንካሬው የሚመጣው ካርቦን በክሪስታሉ ውስጥ ታፍኖ ቅርጹን ሲያጣምመው እንደ ሆነም በ1920ዎቹ ታወቀ። አርኖልድ ካርቦንን በመጠርጠሩ ልክ ነበር፤ የነኦስሞን ወገንም የክሪስታል መልክ መለወጥ ቁልፍ መሆኑን በማስተዋሉ ልክ ነበር። ዌስትግረን ሥራውን ያቀረበው ለዚያው ኢንስቲትዩት ሲሆን የታተመውም በዚያው ጆርናል ነው፤ አንባቢ ጥያቄውንም መልሱንም በአንድ መደርደሪያ ላይ ያገኘዋል።

ይህ ዓይነት ተቋም በፍጥነት ተባዛ። አሜሪካውያን የማዕድን መሐንዲሶቻቸውን ኢንስቲትዩት በ1871 በፔንሲልቬንያ መሠረቱ፤ የእነሱም መዝገብ ክርክርን ያትማል። ጀርመኖች «ሽታል ኡንድ አይዘን»ን በ1881፣ አንሪ ለ ሻትሊዬ «ረቪው ደ ሜታሉርዢ»ን ፓሪስ ላይ በ1904 አቋቋሙ። ጃፓኖች «ቴትሱ ቶ ሃጋኔ»ን በ1915 ጀመሩ። በብሪታንያ የናስ፣ የመዳብና የአሉሚኒየም ሰዎች ከብረት ሰዎች ተለይተው በ1908 የብረታ ብረት ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ለቅይጦች ጥናት መሠረት የሆኑ ሕጎችን ያገኘው የኦክስፎርዱ ዊሊያም ሂዩም ሮዘሪ የ1926 ሥራውን ያሳተመው በዚህ ጆርናል ነው። ሂዩም ሮዘሪ ገና በወጣትነቱ በማጅራት ገትር ሙሉ በሙሉ መስማት የተሳነው ሰው ነበር።

ምሥጢር ግን ጨርሶ አልጠፋም። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም በ1906 መዳብና ማግኒዥየም የገባበት አሉሚኒየም ከቀዘቀዘ በኋላ በተቀመጠበት በቀናት ውስጥ እየጠነከረ እንደሚሄድ አየ። በሳይንስ መጽሔት ያወጣው በ1911፣ ከፓተንቱና ከፋብሪካው በኋላ ነው። ምክንያቱን እሱም አላወቀም። በ1938 ፈረንሳዊው ጊኒዬና እንግሊዛዊው ፕሬስተን በ«ኔቸር» መጽሔት በተከታታይ ገጾች ላይ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ የመዳብ አተሞች በክሪስታሉ ውስጥ ተሰባስበው እንደሚገኙ በኤክስሬይ አሳዩ። ለዜፐሊንና ለአውሮፕላን አካል የሆነ ቅይጥ በውስጡ የሚሆነው በኤክስሬይ ሳይታይ ለብዙ ዓመታት በአገልግሎት ላይ ኖሯል ማለት ነው።

አሁን የአዳራሹን ሥርዓት ወዳጠፋው ለውጥ እንምጣ። የለውጡ ማዕከላዊ ሰው ፖል ሮዝባውድ ነው፤ በዚህ ዘርፍ የኅትመት ታሪክ ውስጥ ከእሱ የሚበልጥብኝ ሰው የለም። በ1896 ግራትስ፣ ኦስትሪያ ተወለደ፤ በሙያው የብረታ ብረት ሰው ነው። በርሊን ላይ «ሜታልቪርትሻፍት» ለተባለ መጽሔት እየሠራ ቤተ ሙከራ ለቤተ ሙከራ ይዞራል፤ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ሥራ እንደ በሰለ ያውቃል። በኋላ የሽፕሪንገር አሳታሚ አማካሪ ሆነ። በዲሴምበር 1938 ኦቶ ሃን የዩራኒየም አተም መከፈሉን የሚያሳየውን ውጤት ሲነግረው፣ ሮዝባውድ በ«ናቱርቪሰንሻፍተን» መጽሔት ቦታ አስለቅቆ በጃንዋሪ 6 ቀን 1939 እንዲወጣ አደረገ። ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው ነበር ፍላጎቱ። አይሁዳዊት ሚስቱንና ልጁን ወደ እንግሊዝ አሻግሮ እሱ በርሊን ቀረ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ የጀርመንን የጦር መሣሪያ ምርምር ዜና ለብሪታንያ በድብቅ ሲያቀብል ቆየ።

ከጦርነቱ በኋላ ለንደን መጥቶ በሳይንስ ኅትመት ሥራው ቀጠለ። ይሠራበት የነበረውን ትንሽ ድርጅት በ1951 ሮበርት ማክስዌል ገዛው፤ ፔርጋሞን የሚለውን ስም ያወጣለት ሮዝባውድ ነው። ሮዝባውድ የሳይንቲስቶችን እምነት አመጣ፤ ማክስዌል ገበያውን አመጣ። ሁለቱ ከአምስት ዓመት በላይ አብረው አልዘለቁም፤ ሮዝባውድ በ1956 ወጣ። ማክስዌል የተረዳው ነገር ቀላል ነው፤ ቤተ መጻሕፍት አንድ ጆርናል ከሌላው አማርጦ አይገዛም፤ ሁሉንም መግዛት ይኖርበታል። በዚያ ስሌት ፔርጋሞን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎች አወጣ፤ በ1991 ለኤልሴቪየር በ440 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ።

በጃንዋሪ 1953 «አክታ ሜታሉርጂካ» ተወለደ። የቦርዱ ሊቀመንበር በሎስ አላሞስ የብረታ ብረቱን ክፍል የመራው ሲረል ስታንሊ ስሚዝ ሲሆን ዋና አዘጋጁ ብሩስ ቻልመርስ ነበር። የአሜሪካ የብረታ ብረት ማኅበር ድጋፍ ሰጠ፤ ጆርናሉም ብዙ ሳይቆይ በፔርጋሞን መታተም ጀመረ። ዓላማው ትልቅ ነበር፤ ከአንድ አገር ማኅበር አጥር ወጥቶ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ጽሑፍ የሚቀበል፣ አጭር መግለጫውንም በሦስቱም ቋንቋ የሚያትም ዓለም አቀፍ ጆርናል መሆን። በ1934 ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ ብረት ለምን እንደሚታጠፍ በክሪስታል ጉድለት ያስረዱት በፊዚክስ መጽሔቶች ላይ ነበር፤ «አክታ» ያን ፊዚክስ ወደ ብረታ ብረት ቤት አስገባው። ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ ዛሬም በዘርፉ ከሚከበሩት ጆርናሎች አንዱ ነው።

ነገር ግን «አክታ» አዳራሽ አልነበረውም። ጽሑፉ በፖስታ ይመጣል፤ አዘጋጁ ስማቸው ለጸሐፊው ለማይገለጽ ገምጋሚዎች ይልከዋል፤ እነሱ የሚሉት በፖስታ ይመለሳል፤ አንባቢ አንዱንም አያይም። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ከ1830ዎቹ ጀምሮ በዚህ መንገድ ሲሠራ ቆይቷል። አሁን የብረታ ብረትም ደንብ ሆነ። የድሮዎቹ ማኅበራትም ጆርናሎቻቸውን እያዋሐዱ ወደዚያው አመሩ። የአሜሪካ የማዕድን መሐንዲሶች ኢንስቲትዩትና የብረታ ብረት ማኅበር መዝገቦች በ1970 «ሜታለርጂካል ትራንዛክሽንስ» ሆነው አንድ ሆኑ። የብረትና ስቲል ኢንስቲትዩት በ1974 ከብረታ ብረት ኢንስቲትዩት ጋር ተቀላቀለ፤ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ጆርናሉም በዚያው አበቃ። ምክንያቶቹ የሚገባኝ ናቸው። የጥናቱ ብዛት ከአዳራሽ በላይ ሆኖ ነበር፤ ክርክርን በቃል መዝግቦ ማተም ገንዘብ ይፈጃል፤ ወጣት ተመራማሪም ለሹመት የሚቆጠርለት ጽሑፍ እንጂ በሰው ጽሑፍ ሥር የተናገረው አይደለም።

የዘርፉ ስምም እየሰፋ ሄደ። ከናዚ ጀርመን በልጅነቱ የተሰደደው ሮበርት ካን በ1966 «ጆርናል ኦቭ ማቴሪያልስ ሳይንስ»ን ሲጀምር ብረት፣ ሴራሚክ፣ ፕላስቲክና ሴሚኮንዳክተር በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። «አክታ ሜታሉርጂካ» ራሱ በ1996 «አክታ ማቴሪያሊያ» ሆነ።

የምሥጢሩን ግምገማ ጉዳት ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ የዳን ሼክትማን ጉዳይ ነው። የሃይፋው ቴክኒዮን ተመራማሪ ሼክትማን በአፕሪል 8 ቀን 1982 በአሜሪካ የመለኪያዎች ቢሮ ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በድንገት የቀዘቀዘ የአሉሚኒየምና ማንጋኒዝ ቅይጥ ሲያይ፣ ክሪስታል ሊይዘው አይችልም የተባለ የዐሥር እጥፍ አቀማመጥ አገኘ። በ1984 ከኢላን ብሌክ ጋር የጻፈውን «ጆርናል ኦቭ አፕላይድ ፊዚክስ» መለሰበት፤ የፊዚክስ ሰዎችን አይስብም ተባለ። ያንኑ ጽሑፍ «ሜታለርጂካል ትራንዛክሽንስ» ተቀበለው። እሱ ሳይወጣ ከጆን ካንና ከዴኒ ግራሲያስ ጋር የጻፉት አጭር ጽሑፍ በኖቬምበር 1984 «ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ» ላይ ወጥቶ ዓለምን አናወጠ።

ከዚያ የሆነውን እዩ። ሁለት ጊዜ የኖቤል ተሸላሚው ሊነስ ፖሊንግ በ1985 በ«ኔቸር» ላይ በስሙ ወጥቶ፣ ይህ የተለመዱ ክሪስታሎች ተጣብቀው የሚያሳዩት ምትሐት ነው ብሎ ጻፈ። ፖሊንግ ተሳስቷል። ተቃውሞው ግን በአደባባይ ስለ ታተመ፣ ሙግቱ የት ላይ እንዳለ ሁሉም አወቀ፤ ተመራማሪዎች ተለቅ ያለና የጠራ ክሪስታል አሳድገው በኤክስሬይ መለሱለት። ዓለም አቀፉ የክሪስታሎግራፊ ማኅበር በ1992 የክሪስታልን ፍቺ ለወጠ፤ ሼክትማን በ2011 ኖቤል ተሸለመ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ የመለሰው ሰው ግን ከዚያች አጭር ምክንያት በቀር ምን ብሎ እንደ ተከራከረ ማንም ሊማርበት አይችልም፤ ስህተቱ ለእሱም ለሳይንሱም ሳይጠቅም ቀረ።

የአገራችን ተመራማሪዎች ወደዚህ ዓለም የገቡት በዚህ ዘግይቶ በመጣው ሥርዓት ነው። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ማቴሪያል ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የሚያጠና ተማሪ አብዛኛውን አዲስ ጥናት የሚያገኘው ክፍያ በተጣለበት በር በኩል ነው፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ክፍያው ወደ ጸሐፊው ይዞራል። ኢትዮጵያ በ2019 በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥታለች። ይህ መልካም ነው። እኔ የምጨምርበት፣ በአገር ውስጥ ጆርናሎቻችን ላይ ጥናቱ ብቻ ሳይሆን ገምጋሚው ያለውም፣ ፈቃዱ ከሆነ በስሙ፣ አብሮ እንዲወጣ ነው። የፋብሪካ መሐንዲሶቻችን የሚናገሩበት መድረክ የላቸውም፤ የምድጃ ልባስ በስንት ቀን እንደሚያልቅ የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

የአደባባይ ክርክር ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በጁላይ 2023 የኮሪያ ተመራማሪዎች በተራ የክፍል ሙቀትና በተራ የአየር ግፊት ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መቋቋም የሚያስተላልፍ ቁስ አገኘን ብለው ገምጋሚ ያላየውን ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት በሆነው «አርካይቭ» ላይ አወጡ፤ ስሙን ኤልኬ 99 አሉት። በሳምንታት ውስጥ ከቻይና፣ ከህንድ፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች መልስ ጎረፈ። የመቋቋሙ ድንገተኛ መውረድ በውስጡ ከቀረው የመዳብ ሰልፋይድ ቆሻሻ የመጣ መሆኑ ታየ። ሽቱትጋርት የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ከቆሻሻው የጠራ ክሪስታል ሲያሳድግ ሐምራዊና ብርሃን የሚያሳልፍ ሆነ፤ ኤሌክትሪክ አላሳለፈም። ክርክሩ እንደ ድሮው በስምና በአደባባይ፣ በማስረጃ ተካሄደ። ዛሬ ያን የመጀመሪያ ጽሑፍ የሚከፍት ተማሪ ግን የተመለሰለትን ሁሉ በየቦታው ራሱ እየፈለገ መሰብሰብ አለበት፤ አብሮ የጠረዘለት አካል የለም።